ስለ ቀድሞው የምድር ባቡር መንገድና ስለ ቢስክሌት ጉዞ

መንገድ የአንድ አገር ሕዝብ እርስ በርሱ የሚተዋወቅበት መሣሪያ ነው። አገሩን በወሬ የሰማ ሰውና አገሩን በእግሩ የረገጠ ሰው ዕውቀታቸው አንድ አይደለም። በቀድሞው ዘመን የቆሎ ተማሪ ዜማና ቅኔ ፍለጋ ከጎጃም ወደ ጎንደር፣ ከጎንደር ወደ ላስታ ሲሄድ፣ ከመምህሩ ከሚማረው ሌላ ከመንገዱም ይማር ነበር፤ ወንዙን በስሙ፣ ተራራውን በመልኩ፣ ሕዝቡን በጠባዩ ለይቶ ያውቅ ነበር። በአውቶሞቢል መስኮቱን ዘግቶ የሚያልፍ መንገደኛ ግን ከተነሣበት ከተማና ከሚደርስበት ከተማ በቀር በመካከል ያለውን አገር አያውቀውም። ቢስክሌት በነዚህ በሁለቱ መካከል ይገኛል፤ ከእግር ይፈጥናል፣ እንደ አውቶሞቢል ግን ሰውን ከአገሩ አይሰውረውም። ስለዚህ ለወጣቱ ጤናንና ዕውቀትን ባንድነት የሚሰጥ የጉዞ መሣሪያ ነው ማለት ይቻላል።

በአዲስ አበባ ይህ ነገር በጥቂቱም ቢሆን መታሰብ ጀምሯል። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» የተባለው ሥራ ሲጀመር፣ በተወሰነ እሑድ አንዳንድ አውራ ጎዳና ለአውቶሞቢል ተዘግቶ ለእግረኛና ለቢስክሌተኛ ተለቀቀ። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ መናፈሻም ለቢስክሌት የሚሆን ስፍራ ተዘጋጅቶለታል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በተሠራው የኮሪደር ልማት ደግሞ ከአራት ኪሎ ወደ ቦሌ በሚወርደው መንገድና ከቦሌ አየር ማረፊያ ወደ መገናኛ በሚወስደው መንገድ ዳር ለቢስክሌት የተለየ መስመር ተበጀ። ይህ ሥራ የሚመሰገን ነው።

ዳሩ ግን በእሑድ ጧት በቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ የሚታየውን ነገር ያስተዋለ ሰው አንድ ጉድለት ሳያይ አይቀርም። ወጣቱ በተለየው መስመር ላይ ያለ ሥጋት ይሄዳል፤ ወደ ምሥራቅ ቀና ሲል የየረር ተራራ ከሩቅ ይታየዋል፤ ልቡም ወደዚያ ይሳባል። ነገር ግን መስመሩ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ የሚጠብቀው የጭነት ተሽከርካሪና የሚኒባስ ግፊያ ነው። አስተዋዩ ፊቱን መልሶ ያንኑ መንገድ ደግሞ ደጋግሞ ይመላለስበታል፤ ደፋሩ ደግሞ ነፍሱን ለአደጋ ሰጥቶ በደብረ ዘይት መንገድ ዳር ዳር ከከባድ መኪና ጋር እየተጋፋ ይወጣል። ከተማው ለቢስክሌት መጀመሪያ ሰጥቶታል፤ መድረሻ ግን ገና አልሰጠውም።

መድረሻ የሚሆነው ግን አዲስ ነገር አይደለም፤ አያቶች ያበጁት፣ የልጅ ልጆች የረሱት ነው። እርሱም የቀድሞው የምድር ባቡር መንገድ ነው።

የዚህ መንገድ ታሪክ በብዙዎች ዘንድ የታወቀ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. የሥራውን ፈቃድ ለስዊሱ መሐንዲስ ለሙሴ ኢልግ ሰጡ። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ ከዚያም በገንዘብ ችግር ምክንያት ብዙ ዓመት ቆሞ፣ እንደ ገና ተጀምሮ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ነበር። ድሬዳዋን የወለደ እርሱ ነው፤ አቃቂ፣ ሞጆና አዳማም ያደጉት በጣቢያዎቹ ዙሪያ ነው። ዛሬ በለገሀር የሚታየው የጣቢያ ሕንፃ የተመረቀው በ1922 ዓ.ም. ነበር። ሐዲዱ አዲስ አበባ በገባ በ100 ዓመቱ፣ በመስከረም 2009 ዓ.ም.፣ በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ ባቡር ተመረቀ። አዲሱ ባቡር ሐዲዱ ሰፊ፣ መስመሩም የተለየ ስለ ሆነ አሮጌውን መንገድ አልተጠቀመበትም። ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ ያለው አሮጌው መስመር ግን ከዚያም አስቀድሞ ሥራውን አቁሞ ነበር።

እንግዲህ ብዙ ዘመን ለሕዝብ ያገለገለ መሬት ባለቤት እንደሌለው ዕቃ ወድቆ ይገኛል። በከተማው ውስጥ ብዙው ስፍራ ለሌላ ሥራ ውሏል፤ የለገሀርም አካባቢ በ2011 ዓ.ም. ለታላቅ የግንባታ ሥራ ተሰጥቷል። ከከተማው ወጣ ሲባል ግን ገና ያልጠፋ አለ። የሚያሳስበውም ይህ ያልጠፋው ነው። ከተማ ወደ ምሥራቅና ወደ ደቡብ በሚሰፋበት በዚህ ዘመን ዛሬ ሣር የበቀለበት ሐዲድ ነገ የአጥር ግቢ ሊሆን ይችላል። አንድ ረጅም መንገድ ደግሞ ከመካከሉ ጥቂት ከተቆረጠ መንገድነቱ ይቀራል፤ መቶ ክንድ ብቻ በጠፋበት ጊዜ የቀረው አርባ ኪሎ ሜትር ዋጋ ያጣል።

«ስለ ምን የባቡሩ መንገድ ተመረጠ? አገሩ ሰፊ አይደለምን?» የሚል ቢኖር መልሱ ከባቡሩ ጠባይ ይገኛል። ባቡር ከብረት በተሠራ መንኰራኵር በብረት ላይ ስለሚሄድ ብርቱ ዳገት አይወጣም፤ በ100 ሜትር ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ሜትር ከፍታ ከሆነ ለርሱ ከባድ ነው። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ኮረብታውን እየዞሩ፣ ጉድባውን እየሞሉ፣ ወንዙን በድልድይ እየተሻገሩ ለዘብ ያለ መንገድ አበጁለት። ይህ ለባቡሩ ተብሎ የተደከመበት ልዝብነት ለቢስክሌተኛም ጉልበት የተመቸ ነው። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወጣ ሰው በጥቂት ኪሎ ሜትር ውስጥ ብዙ መቶ ሜትር ይወጣል፤ ይህን የሚችለው የሠለጠነ ተወዳዳሪ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ስትገኝ ቢሾፍቱ ግን በ1900 ሜትር ገደማ ላይ ነች። በመካከላቸው ያለው መንገድ ከ40 ኪሎ ሜትር ስለሚበልጥ ቁልቁለቱ ተከፋፍሎ ሲታይ በ100 ሜትር አንድ ሜትር ያህል ብቻ ይሆናል። ይህን ሽማግሌም፣ ሴት ልጅም፣ ተማሪም ይችለዋል። ዳገቱን ወደ ኋላ መመለስ የከበደው ቢኖር ቢስክሌቱን በአውቶቡስ ጣራ ላይ አስጭኖ ቢመለስ ነውር የለበትም።

በመንገዱም ላይ የሚታየው ጥቂት አይደለም። መጀመሪያ የአቃቂ ወንዝ ሸለቆ ይገኛል። ይህ ወንዝ ከእንጦጦ ከሚወርዱት ጅረቶች ተሰብስቦ ወደ አባ ሳሙኤል የሚገባው ነው፤ የከተማው ቆሻሻ ምን ያህል እንዳጐሳቈለው በዓይኑ ያየ ወጣት ስለ ወንዝ ንጽሕና ሌላ ስብከት አያስፈልገውም። ከዚያ ወዲያ የዱከም ሜዳ ይዘረጋል፤ በመከር ጊዜ የጤፉ ማሳ እንደ ውኃ ሲዋዥቅ፣ በስተግራ የረር፣ በስተቀኝ ደግሞ ዝቋላ ይታያል። ዝቋላ ከጫፉ ሐይቅና ገዳም ያለበት የቀድሞ እሳተ ገሞራ ነው፤ በመጋቢት 5 ቀን ተሳላሚው ከየአገሩ በእግሩ የሚተምበት ስለ ሆነ የረጅም መንገድ ጉዞ ለዚህ ሕዝብ ባዕድ አለመሆኑን ያስረዳል። በመጨረሻም የቢሾፍቱ ሐይቆች፣ እነ ሆራና ባቦጋያ፣ ይገኛሉ። እነዚህ በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ በተከፈተ ጉድጓድ ውስጥ የተጠራቀሙ ውኆች ናቸው። የመሬትን ታሪክ በመጽሐፍ ብቻ የሚማር ተማሪ በአንድ ቀን መንገድ ይህን ሁሉ በዓይኑ ቢያይ ትምህርቱ ከልቡ አይጠፋም።

በሌላም አገር ያሉ ሕዝቦች ይህን ሠርተው ተጠቅመውበታል። በእንግሊዝ አገር ከብሪስቶል ወደ ባዝ ይሄድ የነበረ የባቡር መንገድ ከተዘጋ በኋላ ሐዲዱ ተነሥቶ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1986 ለቢስክሌትና ለእግረኛ ሆነ። እስፓኞች በ1993 ይህንኑ ሥራ በመላው አገራቸው ጀምረው እስከ ዛሬ ከ3000 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ የተተወ የባቡር መስመር ወደ አረንጓዴ ጎዳና ለውጠዋል። በኒው ዚላንድ ኦታጎ በተባለው ክፍለ አገር ባቡሩ ሲቀር መንደሮቹ ተዳክመው ነበር፤ በ2000 መንገዱ ለቢስክሌት ከተከፈተ ወዲህ ግን 150 ኪሎ ሜትር ያህሉን በቀስታ የሚጓዘው እንግዳ የሚያድርበትና የሚበላበት ቤት ስለሚፈልግ ለነዋሪው እንጀራ ሆነ። በአውቶሞቢል የሚያልፍ እንግዳ ለመንደሩ የሚተውለት አቧራ ብቻ ነው፤ በቢስክሌት የሚመጣ ግን ይርበዋል፣ ይጠማዋል፣ ይደክመዋል፤ ስለዚህ ገንዘቡን እዚያው ያወጣል።

በዚህ ሥራ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች እንዳሉ አይካድም፤ መልስም ሊሰጣቸው ይገባል። አንዳንዶች «መሬት ለቤትና ለፋብሪካ ሲያስፈልግ ለጨዋታ አይባክንም» ይላሉ። ነገሩ እውነት ይመስላል፤ ነገር ግን የባቡር መንገድ ጠባብና ረጅም ስለ ሆነ ለቤት የሚሰጠው ጥቅም ትንሽ ነው፤ ለመንገድ የሚሰጠው ጥቅም ግን ታላቅ ነው። ደግሞም ጨዋታ ብቻ አይደለም። ከአቃቂ ወደ ቃሊቲ፣ ከዱከም ወደ ቢሾፍቱ ለሥራ የሚመላለሰው ሠራተኛ ነዳጅ በተወደደበት ጊዜ በዚሁ መንገድ ይጠቀማል።

ሌሎችም «ምናልባት አንድ ቀን ሐዲዱ እንደ ገና ያስፈልግ ይሆናል» ይላሉ። ይህ ሐሳብ ብልህነት ያለበት ነው፤ ነገር ግን መንገዱን ለመጠበቅ እንጂ ለመተው ምክንያት አይሆንም። አሜሪካኖች እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1983 ባወጡት ሕግ የተተወ የባቡር መስመር በቢስክሌት መንገድነት እያገለገለ ለወደፊቱ ባቡር ተጠብቆ እንዲቈይ አድርገዋል። ቢስክሌተኛ የሚሄድበት መንገድ ላይ ቤት አይሠራም፤ ባዶ የተተወ መንገድ ላይ ግን ይሠራል። ከዚህ የሚሻል ዘበኛ የለም።

ቢስክሌትን የልጅ መጫወቻ ወይም የድኻ መሣሪያ አድርጎ የሚንቅም አይታጣም። ይህን የሚል ሰው የገዛ አገሩን ታሪክ ቢያስታውስ መልካም ነው። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትሰለፍ ባንዲራዋን ይዘው ከሄዱት መካከል እነ ገረመው ደንቦባ ያሉባቸው ቢስክሌተኞች ነበሩ። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተሰለፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። በባሕር ዳርና በሐዋሳ ሠራተኛውም ተማሪውም በቢስክሌት ሲሄድ ማንም አያፍርበትም። የሚያሳፍረው እንዲህ ያሉ ልጆችን ያፈራች አገር በዋና ከተማዋ ዙሪያ ያለ ሥጋት የሚሄዱበት አርባ ኪሎ ሜትር መንገድ ማጣቷ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብላቸው የሚገባቸው በመንገዱ ዳር የሚኖሩት ገበሬዎች ናቸው። ባቡሩ ከቆመ ወዲህ ከብቶቻቸውን በሐዲዱ ላይ የሚነዱ፣ በዳርቻውም የሚያርሱ አሉ። ለከተማ ሰው ሽርሽር ሲባል እነርሱን በድንገት ማባረር ፍትሕ አይሆንም። ከብቱ የሚሻገርበት በር ሊተውላቸው፣ የውኃ፣ የቡናና የምግብ ንግዱም ለልጆቻቸው ሊቀደምላቸው ይገባል። መንገዱን የሚጠብቀው በጎኑ የሚኖረው ሕዝብ ነው፤ የራሱ ጥቅም ካለበት ይጠብቀዋል፣ ከሌለበት ግን አጥርም ዘበኛም አያድነውም።

እንግዲህ መደረግ የሚገባው ሥራ ከባድ አይደለም። አስቀድሞ ከአቃቂ እስከ ቢሾፍቱ ያለው የቀድሞው መስመር ተለክቶ በድንጋይ ምልክት ይከለል፤ ተለክቶ እስኪያልቅም ድረስ ከርሱ ላይ አንድ ክንድ ለማንም አይሰጥ። ሁለተኛ፣ በከተማው ውስጥ የተሠሩት የቢስክሌት መስመሮች በጎተራና በቃሊቲ በኩል እስከ አቃቂ ይቀጥሉ፤ በቦሌ መድኃኔዓለም የተነሣው ወጣት ሳይቋረጥበት እንዲደርስ። ሦስተኛ፣ የቀሩት የጣቢያ ቤቶችና ድልድዮች እንዳይፈርሱ ይጠበቁ፤ ጣቢያው ለመንገደኛ ማረፊያና ታሪክ ማሳያ ይሁን። የመንገዱ ጥርጊያ ግን ዘመናዊ አስፋልት አያስፈልገውም፤ ጠጠሩ ተደልድሎ ቢረገጥ ለመጀመሪያው ይበቃል። ቢሾፍቱ ከተደረሰ በኋላ ወደ ሞጆና ወደ አዳማ መቀጠሉ በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት ሊሠራ ይችላል። ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው ነው።

ሕንፃ ቢፈርስ ሌላ ይታነጻል፤ አውቶሞቢልም ቢያረጅ ሌላ ይገዛል። ከመሐል ከተማ ተነሥቶ ኮረብታውንና ወንዙን አልፎ እስከ ቆላ የሚወርድ አንድ ወጥ መንገድ ግን አንድ ጊዜ ከተቈራረጠ በኋላ በማንኛውም ገንዘብ አይገዛም። አያቶች በድንጋይ ፈለጣና በቁፋሮ ደክመው ያወረሱትን መንገድ የልጅ ልጆች በቸልተኝነት ቢያጠፉት ነገ ለሚመጣው ትውልድ የሚሰጡት ምክንያት አይኖራቸውም። ስለዚህ ጉዳዩ የሚመለከታቸው ሁሉ ሐዲዱ ከሣሩ በታች ገና በሚታይበት በዛሬው ቀን ቢያስቡበት፣ ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።