«ሳይጠሩት አቤት» የሚል ሐኪም ያስፈልጋል

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል ተረት ይዞ የኖረ ሕዝብ፣ ሹመት የሚጠይቅ ሰው ሲያይ ቢጠራጠር አይፈረድበትም። ወንበርና መብላት ለረጅም ዘመን አብረው ኖረዋል። ስለዚህ ጨዋ ሰው «ምረጡኝ» አይልም። ሌላ ሰው ይጠቁመዋል፤ እሱ «ኧረ እኔ ይቅርብኝ፣ ከእኔ የሚሻል አለ» ይላል፤ ይለመናል፤ በመጨረሻ «እንግዲህ እናንተ ካላችሁ» ብሎ አንገቱን ደፍቶ ይቀበላል። የዕድር ዳኛ የሚመረጠው እንዲህ ነው። የሙያ ማኅበር ሊቀመንበር አመራረጥም ብዙ ጊዜ ከዚህ አይርቅም።

ደስ የሚል ባህል ነው። ግን ይሉኝታው የሚያስከፍለው ዋጋ አለ። ዋጋው ጎልቶ የሚታየው ደግሞ ይሉኝታ ጨርሶ በማይሠራበት ሙያ ውስጥ ነው፦ በድንገተኛ ሕክምና።

ልቡ የቆመ ሰው በቃሬዛ ሲገባ ክፍሉ ውስጥ አምስት ስድስት ባለሙያ ይሰበሰባል። አንዱ ደረት ይጫናል፣ አንዱ አየር ይሰጣል፣ አንዷ መድኃኒት ታዘጋጃለች። በደንብ የሠለጠነ ቡድን ከሆነ አንድ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ «እኔ እመራለሁ» ይላል። አልጋው ግርጌ ቆሞ ሁሉንም ያያል። በዚያች ደቂቃ መግደርደር ሰው ይገድላል። «እኔ እመራለሁ» ያለውን ሐኪም ማንም ትዕቢተኛ አይለውም። ቃሉ የሚጠቅመው ሌሎቹን ነው፤ ለማን እንደሚነገር፣ ማን እንደሚወስን፣ ነገሩ ቢበላሽ ማን እንደሚጠየቅ ያውቃሉ።

የሚገርመው ይኸው ሐኪም ከክፍሉ ወጥቶ ስለ ሙያው ማኅበር ምርጫ ሲነሳ ዝም ማለቱ ነው።

አሜሪካ ውስጥ በዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች የሚያስተምሩና የሚመራመሩ የድንገተኛ ሕክምና ሐኪሞች የሚሰባሰቡበት የአካዳሚክ ድንገተኛ ሕክምና ማኅበር አለ፤ በምህጻሩ ኤስ ኤ ኢ ኤም ይባላል። መሪዎቹን አባላቱ በድምፅ ይመርጣሉ። ፕሬዚዳንት የሚሆነው ሰው በተመረጠ ማግስት ወንበሩ ላይ አይቀመጥም። አንድ ዓመት ተመራጭ ፕሬዚዳንት ሆኖ ይማራል፣ በሚቀጥለው ዓመት ይመራል፣ ከዚያ ተሰናባች ፕሬዚዳንት ሆኖ ተተኪውን ያግዛል። ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ፣ የቦርድ አባላትም ይመረጣሉ። ገና በስፔሻሊቲ ሥልጠና ላይ ላለ ሬዚደንት እንኳ ቦርዱ ውስጥ ወንበር አለ።

ለምሳሌ ያህል አንዲት ሐኪም ትታሰብ። አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገች፣ አሁን በአንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የምታስተምር። የሥራ ባልደረባዋ «ለቦርድ ለምን አትወዳደሪም?» ይላታል። በሙያው ለቀደሟት ጋሼ ትደውላለች። «ልጄ፣ አንቺ ሥራሽን ሥሪ፤ ከፈለጉሽ ራሳቸው ይጠሩሻል» ይሏታል። ምክሩ ከፍቅር የመጣ ነው። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚል ሰው እንዳትባል ነው። እሷም የማመልከቻው ቀን እስኪያልፍ ዝም ትላለች።

ይህ ምክር ትክክል አለመሆኑን የሙያው ታሪክ ራሱ ይመሰክራል። ድንገተኛ ሕክምና ተጠርቶ የመጣ ሙያ አይደለም።

እ.ኤ.አ. እስከ 1960ዎቹ ድረስ በብዙ የአሜሪካ ሆስፒታሎች ድንገተኛ ክፍል ማለት የሌላ ክፍል ሐኪም በተራው የሚሸፍነው፣ ወይም ገና ጀማሪ ሐኪም ብቻውን የሚታገልበት ቦታ ነበር። በ1961 ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ጄምስ ሚልስ የተባለ ሐኪምና ሦስት ባልደረቦቹ የግል ሥራቸውን ትተው የሙሉ ጊዜ የድንገተኛ ክፍል ሐኪሞች ሆኑ። በ1968 የድንገተኛ ሐኪሞች ኮሌጅ ተቋቋመ። በ1970 ሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያውን ሬዚደንሲ ጀመረ። በዚያው ዓመት የዩኒቨርሲቲ መምህራኑ የራሳቸውን ማኅበር መሠረቱ፤ በ1975 ሌላ የአስተማሪዎች ማኅበር ተጨመረ። ዛሬ ኤስ ኤ ኢ ኤም የሚባለው በ1989 ከነዚህ ከሁለቱ ውህደት የተወለደ ነው።

በመሀል አንድ ትልቅ ሽንፈት አለ። በ1977 የስፔሻሊቲ ቦርዶች ጉባኤ ይህ ሙያ ራሱን የቻለ ዘርፍ ይሁን ወይስ አይሁን ብሎ ድምፅ ሰጠ። ውጤቱ 100 ለ 5 ነበር፤ አምስቱ ናቸው የደገፉት። እንዲህ ተሸንፎ ቤቱ የሚገባ ብዙ ነው። እነዚያ ሐኪሞች ግን ጥያቄውን አስተካክለው፣ ከተቃወሟቸው ዘርፎች ጋር ተደራድረው ተመለሱ። በ1979 ድንገተኛ ሕክምና 23ኛው ስፔሻሊቲ ሆኖ ጸደቀ። እስኪጠሩ ቢጠብቁ ኖሮ ማንም አይጠራቸውም ነበር።

«ያ የመሥራቾች ዘመን ነው፤ ዛሬ ማኅበሩ ቆሟል፣ ወንበሩ ሲቪ ላይ ከመጻፍ ያለፈ ምን ጥቅም አለው?» የሚል ይኖራል። ጥቅሙን ለማየት ያለፉትን ጥቂት ዓመታት ማየት ይበቃል። በ2021 የወጣ ጥናት በ2030 ከሚፈለገው በላይ 8,000 ገደማ የድንገተኛ ሐኪሞች እንደሚኖሩ ተነበየ። ተማሪዎች ደነገጡ። በ2023 የሬዚደንሲ ምደባ 554 የድንገተኛ ሕክምና ቦታዎች ሰው ሳያገኙ ቀሩ፤ ከዓመት በፊት የቀሩት 219 ነበሩ። በ2025 ደግሞ የሐኪሞችን ሥልጠና የሚመዝነው አካል የሬዚደንሲው ዘመን ለሁሉም 4 ዓመት ይሁን የሚል ረቂቅ አወጣ፤ አብዛኞቹ ፕሮግራሞች 3 ዓመት ናቸው። ሙያው ለሁለት ተከፈለ። በዚህ ሁሉ መሀል አልጋ ያጣ ሕመምተኛ ኮሪደር ላይ ሰዓታት ይቆጥራል።

እነዚህን ጉዳዮች ማኅበሩ ብቻውን አይወስንም። ግን ውሳኔው በሚበስልበት ጠረጴዛ ዙሪያ ድምፁ ይሰማል። የትኛው ምርምር ገንዘብ ያግኝ፣ የትኛው ወጣት መድረክ ይሰጠው፣ የሦስቱ ዓመት ወይስ የአራቱ ዓመት ክርክር በማን አፍ ይነገር የሚለው በተመራጮቹ ማንነት ይለያያል። ባዶ የቀረ ወንበር ባዶ ሆኖ አይቆይም፤ ጊዜ ያለው ሰው ይቀመጥበታል።

ጊዜ ያለው ማን ነው? የሌሊት ዱቲ የማይበዛበት፣ ቤት ውስጥ የሚያግዘው ያለው፣ አለቃው ለስብሰባ የሚለቀው ሰው ነው። ሌሊቱን ሙሉ ኮሪደር ላይ ሕመምተኛ ሲያገላብጥ ያደረ ሐኪም፣ ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ መምህርት፣ ከሌላ አገር መጥቶ በሁለተኛ ቋንቋው የሚያስተምር ስደተኛ የእጩዎች ዝርዝር ውስጥ ጥቂት ቢሆኑ አያስገርምም። ችግሩን በቅርብ የሚያውቁት ግን እነሱ ናቸው። በዚህ ላይ «ጨዋ ሰው ራሱን አያቀርብም» የሚል ትምህርት ሲጨመርባቸው ጠረጴዛው ዙሪያ የሚጎድለው ይበዛል።

ይህ ነገር አዲስ አበባንም ይነካል። በ2010 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ በጥቁር አንበሳ፣ የድንገተኛ ሕክምና ሬዚደንሲ ሲጀመር በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞችና የዊስኮንሲንና የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ መምህራን አግዘዋል። በ2014 የአፍሪካ የድንገተኛ ሕክምና ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ ተካሂዷል። ወጣቱ ሙያ አሁን የራሱ ስፔሻሊስቶችና የራሱ ማኅበር አለው። ስለዚህ ማን ይምራ የሚለው ጥያቄ እዚህም ደርሷል። መልሱ በአዳራሽ ጥቆማና በጭብጨባ ከሆነ የሚመረጠው ብዙ ጊዜ አንጋፋው ወይም የታወቀው ነው፤ ምን እንደሚሠራ የጠየቀው ስለሌለ በዓመቱ መጨረሻ ምን እንዳልሠራም የሚጠይቀው አይኖርም። «እናንተ ናችሁ የመረጣችሁኝ፣ እኔማ ይቅርብኝ ብዬ ነበር» ማለት ይችላል። ይሉኝታ እዚህ ላይ ከተጠያቂነት ማምለጫ ይሆናል።

በእርግጥ ወንበር የሚወድ ሰው አለ፤ ስሙ እንዲጠራ፣ ፎቶው እንዲሰቀል ብቻ የሚወዳደር። ፍርሃቱ እውነት ነው። መድኃኒቱ ግን ቅኖቹን ዝም ማሰኘት አይደለም፤ እነሱ ዝም ሲሉ ሜዳው የሚቀረው ለዚያው ሰው ነው። መድኃኒቱ የሥልጣን ዘመንን ማሳጠርና ጥያቄን ማጠንከር ነው። የኤስ ኤ ኢ ኤም ፕሬዚዳንት የሚመራው አንድ ዓመት ብቻ ነው። ጥያቄውን ደግሞ እያንዳንዱ መራጭ በእጁ ይዟል።

አንደኛ፦ በዘመንህ የምትጨርሰው አንድ ነገር ምንድን ነው? አሥር ነገር የዘረዘረ እጩ አንዱንም አላሰበበትም። ሁለተኛ፦ ኮሚቴ ውስጥ ሳለህ ማንም ሳያይህ የጨረስከው ሥራ የቱ ነው? ቃለ ጉባኤ የጻፈ፣ የወጣቶችን ጽሑፍ ቁጭ ብሎ ያረመ ሰው እዚህ ላይ ይለያል። ሦስተኛ፦ ዕቅድህን ማን ይቃወመዋል? ሁሉን የሚያስደስት ዕቅድ በአራት ዓመቱ ክርክር ላይ ምንም አይልም ማለት ነው። አራተኛው ለእጩው ቤት ነው፦ ለዚህ ሥራ ስትል ምን ትተዋለህ? እንዲህ ያለ ወንበር አብዛኛውን ጊዜ ደመወዝ የለውም፤ የሚከፈለው ከዕረፍት ቀን፣ ከእንቅልፍና ከልጆች ጊዜ ነው። የሚበላበት ሳይሆን የሚበላ ወንበር ነው።

እነዚህን የሚመልስ ማመልከቻ ከሽልማት ዝርዝር ይልቃል። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «በዚህ ዓመት ይህን ሽልማት አግኝቻለሁ» ከሚል «ሕመምተኞቻችን ኮሪደር ላይ እያደሩ ነው፤ ላደርገው ያሰብኩት ይህ ነው» ቢል መራጩ ለምን ድምፅ እንደሚሰጥ ያውቃል። ቃሉም ተጽፎ ስለሚቀር በኋላ ይጠየቅበታል።

ያቺ ሐኪም ብትወዳደርና ብትሸነፍስ? ልትሸነፍ ትችላለች። ግን ስለ ኮሪደሩ የጻፈችውን አባላት አንብበውታል። አሸናፊው ጉዳዩን አላወቅኩም ማለት አይችልም። በሚቀጥለው ዓመት ኮሚቴ ሲዋቀር ስሟ ይነሳል። 100 ለ 5 የተሸነፉት ሰዎች ሁለት ዓመት ነው የፈጀባቸው።

ጋሼም ቢሆኑ በሚቀጥለው ዓመት ስትደውል ሌላ ምክር ቢሰጧት መልካም ነው። ልቡ የቆመ ሰው ሲመጣ አልጋው ግርጌ ቆማ «እኔ እመራለሁ» እንድትል ያስተማሯት እንደ እሳቸው ያሉ ሐኪሞች ናቸው።