የቆጥ ቤት ከመግዛታችሁ በፊት ደረጃውን ቁጠሩ

«እድሳቱ የተጠናቀቀ ሎፍት አፓርትመንት፣ በታሪካዊው ፒያሳ፣ ለቤተሰብ የሚሆን።» እንዲህ ያለ ማስታወቂያ በስልካችሁ ደርሷችሁ ይሆናል። ፎቶው ያምራል፤ ከፍ ያለ ጣሪያ፣ የተወለወለ የሳንቃ ወለል፣ ሳይለሰን የተተወ የድንጋይ ግድግዳ፣ ወደ ላይኛው መኝታ የሚወጣ ጠባብ የብረት ደረጃ። ልጆች ይህን ለእናታቸው ያሳዩና «እማዬ፣ የግቢውን ቤት እንሽጠውና ይህን እንግዛልሽ፤ ጊዮርጊስን በእግርሽ ተሳልመሽ ትመለሻለሽ» ይላሉ። ሐሳቡ ከፍቅር የመጣ ነው። ቢሆንም «እሺ» ከማለት በፊት ቤቱን በጤና ዓይን ማየት ያስፈልጋል።

ሎፍት የሚለው ቃል አዲስ ይምሰል እንጂ ነገሩ ለእኛ አዲስ አይደለም፤ ቆጥ ነው። በቀበሌ ቤት ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ክፍሉ አንድ፣ ልጆቹ አምስት ሲሆኑ አባት አናጺ ጠርቶ ሳንቃ ያስመታል፣ ልጆቹም በመሰላል ወጥተው ያድራሉ። ያን ጊዜ የቸገረው ይሠራው የነበረውን ዛሬ ገንዘብ ያለው ይገዛዋል። አደጋው ግን ያው ነው።

ሰፈሩን መውደድ አይነቀፍም። ፒያሳ፣ የድሮው አራዳ፣ የአዲስ አበባ የቀድሞ ገበያ የነበረበት፣ የጊዮርጊስ ካቴድራልና የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል ያሉበት፣ የእንጨት ሰገነት ያላቸው አሮጌ ቤቶች የሚታዩበት ሰፈር ነው። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ብዙው ክፍሉ ከፈረሰ ወዲህ የቀረውን ማየት ሆድ ያባባል። እዚያ ያደገ ሰው ተመልሼ ልግባ ቢል አይፈረድበትም። ቤት ግን በትዝታ ብቻ አይገዛም።

ደረጃው

ፎቶ ላይ ደረጃ አይቆጠርም፤ እናንተ ሄዳችሁ ቁጠሩ። ሦስተኛ ፎቅ ለመድረስ ሃምሳ ስልሳ ደረጃ መውጣት የተለመደ ነው። ደረጃ ስንወጣና ስንወርድ ጉልበታችን ላይ የሚያርፈው ጫና የሰውነታችንን ክብደት ሦስት እጥፍ ገደማ ይደርሳል። ሰባ ኪሎ የምትመዝን እናት በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበቷ ሁለት መቶ ኪሎ ያህል ይሸከማል ማለት ነው።

ለጤነኛ ሰው ደረጃ መውጣት ለልብም ለአጥንትም ጥሩ ነው። የጉልበት ሕመም፣ የልብ ድካም ወይም አስም ያለበትን ሰው ግን ቀስ በቀስ ቤት ውስጥ ያስቀረዋል። መጀመሪያ ገበያ መሄድ ይቀራል፣ ቀጥሎ ለቅሶ መድረስ፣ በመጨረሻም ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ። ያኔ ጊዮርጊስ በመስኮት እየታየ የማይደረስበት ይሆናል።

ከዋናው ደረጃ ይልቅ የሚያሳስበው የውስጡ ነው። ብዙ አረጋውያን ሌሊት ለሽንት ይነሳሉ። ከደም ግፊት መድኃኒቶች አንዳንዱ ሽንት ያበዛል፣ አንዳንዱ ድንገት ከመኝታ ሲነሱ ራስ ያዞራል። በወንዶች ላይ የፕሮስቴት ጣጣ ይጨመርበታል። መኝታው ቆጡ ላይ ሆኖ መጸዳጃው ታች ከሆነ፣ ያ ሰው በእንቅልፍ ልቡ፣ ምናልባትም መብራት በጠፋበት ሌሊት፣ ጠባብ የብረት ደረጃ ሊወርድ ነው። በሥራ ዘመኔ ዳሌያቸው ተሰብሮ ያየኋቸው አረጋውያን ብዙዎቹ የወደቁት ከራሳቸው አልጋ እስከ መጸዳጃቸው ባለው መንገድ ላይ ነው። በዚያ ዕድሜ ዳሌ ከተሰበረ በኋላ እንደ ቀድሞው ራስን ችሎ መራመድ ለብዙው አይመለስም። ስለዚህ አያት የሚተኙበትና መጸዳጃው አንድ ወለል ላይ ይሁኑ። ይህ ካልተቻለ ቤቱ የቱንም ያህል ቢያምር ለአያት አይሆንም።

ለልጅ ልጆች ደግሞ የቆጡን ጠርዝና የሰገነቱን አጥር ፈትሹ። ከፍታው ቢያንስ አንድ ሜትር ይሁን፤ በብረቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ከአሥር ሳንቲ ሜትር አይብለጥ። ከዚያ ከሰፋ የሕፃን ሰውነት ሊሾልክ ይችላል። አግድም የተደረደረ ብረት ለዓይን ያምራል፤ ለሦስት ዓመት ልጅ ግን መሰላል ነው። ከመስኮት ሥር ወንበርና አልጋ አታስቀምጡ።

አንድ ነገር ደግሞ አስቡ። ምጥ የያዛት ሴት ወይም ድንገት ግማሽ አካሉ የዛለ አባት ቢኖር ቃሬዛ በዚያ ደረጃ መታጠፊያ ያልፋል? አምቡላንስ ቢጠራም ከደጅ በላይ አይመጣም፤ የቀረውን የሚያወርደው ደረጃው ነው።

ጣሪያውና አየሩ

ቁመት ለማግኘት ሲባል አሮጌው ኮርኒስ ይነሳል። ከዚያ በኋላ ከራሳችሁ በላይ ያለው ቆርቆሮ ብቻ ከሆነ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብርድ፣ የመጋቢት ቀትር ሙቀት፣ የክረምት ዝናብ ጩኸት የእናንተ ነው። በቆርቆሮውና በአዲሱ ሳንቃ መካከል ብርድና ሙቀት የሚከላከል ነገር መግባቱን ጠይቁ። ጣሪያ የሚያፈስ ከሆነ ሻጋታ ይከተላል፤ ሻጋታ ደግሞ አስም ያለበትን ልጅ ያስነሳበታል። አዲስ ቀለም ሻጋታን ለጥቂት ወር ይሸፍናል እንጂ አያጠፋውም። ማዕዘኖቹን በእጃችሁ ዳስሱ፣ አሽትቱ።

ከሰል ነገር አደራ። የድሮው ቤት በየስንጥቁ ይተነፍስ ነበር። እድሳቱ በአሉሚኒየም መስኮት ጥርቅም አድርጎ ከዘጋው በኋላ ለቡና የተያያዘ ከሰል መርዘኛ ጋዝ ያጠራቅማል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ከሙቅ አየር ጋር ወደ ላይ ስለሚወጣ ቆጡ ላይ የተኛ ልጅም አያመልጥም። ከሰል የሚነድ ከሆነ መስኮት ይከፈት፤ የከሰል ምድጃ አስገብቶ መተኛት ግን በምንም ምክንያት አይሞከር።

የድሮ ቀለምም ጣጣ አለው። በቀለም ውስጥ ያለውን የእርሳስ ማዕድን የሚገድብ ደንብ በአገራችን የወጣው በቅርብ ዓመታት ነው። የአሮጌ በርና መስኮት ቀለም ሲፋቅ የሚበነው አቧራ በሕፃናት እጅና አፍ ይገባል፣ አእምሯቸውንም ይጎዳል። ጉዳት የለውም የሚባል መጠን አልተገኘለትም። አሮጌ የኢተርኒት ጣሪያም ብዙ ጊዜ አስቤስቶስ አለበት፤ ሳይነካ ከቆየ ጉዳቱ ትንሽ ነው፣ ሲሰበርና ሲቦረቦር ግን ብናኙ ሳንባ ይገባል። ስለዚህ ሻጩን «ምን አደሳችሁ?» ብቻ ሳይሆን «ከቤቱ ምን አነሳችሁ? እንዴት?» ብላችሁ ጠይቁ።

የኤሌክትሪክ መስመሩም እንደ ቀለሙ ታድሶ እንደሆነ ባለሙያ ይይላችሁ። በ2007 ዓ.ም. ጥር ወር ጣይቱ ሆቴል ላይ የደረሰው ቃጠሎ እንጨት የበዛበት አሮጌ ሕንጻ ለእሳት ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ አሳይቶናል። ቆጥ ላይ ለተኛ ሰው መውጫው አንድ ደረጃ ብቻ ከሆነ ሁለተኛ መውጫ መኖሩን ማረጋገጥ ግድ ነው።

ወረቀቱ

ይህ የሕግ ባለሙያ ሥራ ቢሆንም ጥቂት ልበል፤ የቤት ጭንቀት የስንቱን አረጋዊ ደም ግፊት ከፍ ሲያደርግ አይቻለሁና። በ1967 ዓ.ም. በወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ምክንያት በአሮጌ ሰፈሮች ብዙው ቤት የመንግሥት ነው። ተከራይ የመንግሥትን ቤት ሊሸጥላችሁ አይችልም። ካርታውን እዩ፣ እዳና እገዳ እንደሌለበት አጣሩ፣ ውሉንም በውልና ማስረጃ ፈርሙ። ቤቱ በቅርስነት ተመዝግቦ ከሆነ በ1992 ዓ.ም. በወጣው የቅርስ አዋጅ መሠረት ያለ ፈቃድ አይለወጥም። ስለዚህ የእድሳቱን ፈቃድ ማየት መብታችሁ ነው። ካርታው ላይ ያለውን ካሬና ደላላው የሚጠራውንም አስተያዩ፤ ፈቃድ ሳይኖረው የተሠራ ቆጥ ካርታው ላይ የለም። ጣሪያው ቢያፈስ ማን እንደሚያሠራው፣ ጎረቤቶቹ የነዋሪዎች ማኅበር እንዳላቸው ጠይቁ።

ከሁሉም በላይ የእናት ቤት ቀድሞ አይሸጥ። አባት አርፈው ከሆነ የወራሾች ድርሻ ይለይ። ልጆች አንድ ድምፅ ሳይሆኑ የተሸጠ ቤት ወንድማማች ሲያጣላ ይኖራል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው።

የብብቱ ደግሞ ቤት ብቻ አይደለም። የግቢው ቤት ከደጁ ፀሐይ የሚሞቅበት ድንጋይ፣ ጎመን የሚተከልበት መሬት፣ ቡና የሚጠራ ጎረቤት፣ ድንኳን የሚጣልበት ስፍራና እድር አለው። ብቸኝነት ለአረጋዊ ልክ እንደ በሽታ ነው፤ እንቅልፍ ይነሳል፣ ምግብ ያስጠላል፣ መድኃኒት ያስረሳል። ወደ አዲስ ሰፈር የሚሄድ ሰው የድሮ እድሩን አይልቀቅ።

እነዚህን ሁሉ ፈትሻችሁ ቤቱ ካለፈ፣ ደረጃው ሰፊ፣ መኝታና መጸዳጃው አንድ ወለል፣ ወረቀቱ የጠራ ከሆነ ግዙት፤ በደስታ ኑሩበት። ከመፈረማችሁ በፊት ግን ሦስት ጊዜ ሂዱ። አንድ ጊዜ በቀትር ፀሐይ፣ አንድ ጊዜ ዝናብ ሲጥል፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በምሽት። በአንደኛው ቀን እናታችሁ አምስት ኪሎ ሽንኩርት በዘንቢል ይዘው፣ ማንም ሳያግዛቸው ይውጡ። ሲደርሱ ቁጭ ይበሉና ትንፋሻቸው እስኪረጋ ጠብቁ። ከዚያ ደላላውም ልጆቹም ዝም ብለው እሳቸውን ይስሟቸው። የሚኖሩበት እሳቸው ናቸው።