ጅግጅጋ ላይ ምሳ የት እንብላ? ሩዙን አትጥሉት፣ ሰሃኑን አስተካክሉት

ዛሬ ስለ ቢሮ ሠራተኛ ምሳ ነው የማወራው።

ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለበት ሰው ደጋግሞ የሚጠይቀኝ ጥያቄ አለ፦ "ቢሮዬ አጠገብ ያለው ሩዝና ፓስታ ብቻ ነው፣ ምን ልብላ?" ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክር "ሩዝ አቁም" የሚል ነው። በእኔ እምነት ይሄ ምክር ለጅግጅጋ አይሠራም። እዚህ ምሳ ማለት ባሪስ ወይም ፓስታ፣ የፍየል ሥጋ፣ ከጎኑ ሙዝና ቢስባስ ነው። የሚበላውም ከጓደኛ ጋር፣ ከአንድ ሰሃን ነው። ሰውየውን ከዚህ ገበታ ካስነሳችሁት ሁለት ቀን ይታገሳል፣ በሦስተኛው ይመለሳል።

ስለዚህ ሰሃኑን እናስተካክል።

1. ግማሹን ሰሃን አትክልት ያዙት፦ ሰላጣ፣ ቲማቲም፣ ጎመን፣ የተገኘውን። ሩቡ ሩዝ፣ ሩቡ ሥጋ ይሁን። አትክልቱንና ሥጋውን አስቀድማችሁ ሩዙን መጨረሻ ላይ ብትበሉ ስኳራችሁ ቀስ ብሎ ነው የሚጨምረው። ሙዙም ስኳር አለውና ሙዝ ስትጨምሩ ሩዝ ቀንሱ።

2. ትልቁ ጠላት መጠጡ ነው። አንድ 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ወደ 30 ግራም ስኳር ይይዛል፤ 7 የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ50 ግራም በታች፣ ቢቻል ከ25 በታች ይመክራል። የወተት ሻዩም ብዙ ቦታ ስኳሩ አብሮ ተፈልቶ ነው የሚመጣው። ብቻችሁን ብትጠይቁ "የለም" ትባላላችሁ፤ አምስት ሆናችሁ ብትጠይቁ ግን ባለቤቱ ነገ ያለ ስኳር ያፈላል። ደንበኛ ናችሁ!

3. የግመል ወተት ጥሩ ምግብ ነው፣ ግን ይፈላ። ጥሬው ብሩሴሎሲስ ያስይዛል፤ ለሳምንታት የሚመላለስ ትኩሳት፣ ላብና የመገጣጠሚያ ሕመም።

4. ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የምትወስዱ፣ "ስኳሬ ይውረድ" ብላችሁ ምሳ አትዝለሉ። ስኳር ከልክ በላይ ሲወርድ ያልባል፣ ያንቀጠቅጣል፣ ራስን ያስታል።

አሁን ደግሞ ብዙዎቻችሁ የማትወዱት ነገር። ምሳችን ከባድ የሚሆነው ከኋላው ጫት ስላለ ነው። ቅባት በዛ ያለ ምሳ፣ ከዚያ ለሰዓታት መቀመጥ፣ በላዩ ጣፋጭ መጠጥ። ጫት የልብ ምትንና ደም ግፊትን ይጨምራል፣ የራት ፍላጎትንና እንቅልፍን ያጠፋል። ግፊት ላለበት ሰው የእኔ ምክር ግልጽ ነው፦ ተዉት።

ታዲያ የት እንብላ? ቅርብ ያለው ቤት ሳይሆን አሥር ደቂቃ የሚያስኬደው ይሻላል። ከምሳ በኋላ 10 ወይም 15 ደቂቃ መራመድ ስኳርን ያወርዳል። እንደ አዲጋላ ባሉ ሞቃት የባቡር መስመር ከተሞች ላላችሁ ደግሞ በቀትር ፀሐይ አልልም፤ በጥላ ሥር ተንቀሳቀሱ፣ ውኃ ጠጡ፣ ረጅሙን ጉዞ ለማታ አቆዩት።

መሥሪያ ቤቶችም ድርሻ አላችሁ። ካፍቴሪያ ስታከራዩ ሰላጣ፣ ንጹሕ ውኃና ያለ ስኳር የፈላ ሻይ እንዲኖር ውሉ ላይ አስገቡ። ወጪው ትንሽ ነው፤ በስትሮክ የሚወድቅ ሠራተኛ ግን አይተካም።

ለምሳ ጓደኞቻችሁ አጋሩት። ጤና ይብዛላችሁ!