ምጥ ቀጠሮ ባይሰጥም

እኅቶቼ፣ በክረምት ስለ ተጓዝኩበት አንድ መንገድ ላጫውታችሁ።

አሶሳ ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ከዚያ ወደ ሸርቆሌ የሚወስደውን መንገድ የያዝነው በሐምሌ ወር ነበር። ሆሞሻን ካለፍን በኋላ ግራና ቀኙ ሽመል ነው፤ በሽመሉ መካከል ጥቋቁር የድንጋይ ኮረብቶች ብቅ ብቅ ይላሉ። አገሩ ወደ አባይ ሸለቆ እያዘቀዘቀ ሲሄድ ሙቀቱም ይጨምራል። ለዓይን የሚያስደስት አገር ነው። ለነፍሰ ጡር ግን ይኸው መንገድ ሌላ መልክ አለው።

ከአንድ ወንዝ ስንደርስ ውሃው ሞልቶ መኪናችን ቆመች። ከወንዙ ማዶ አራት ወንዶች ከሽመል የተሠራ ቃሬዛ አስቀምጠው ይጠብቃሉ። በቃሬዛው ላይ ከትናንት ማታ ጀምሮ ምጥ የያዛት፣ የመጀመሪያ ልጇን የምትጠብቅ ወጣት ተኝታለች። አማቷ ነጠላዋን ዘርግታ ከካፊያው ትከልላታለች። ውሃው እስኪጎድል ከአንድ ሰዓት በላይ ተፋጠጥን። በመጨረሻም በትከሻቸው አሻገሯት፤ እኛም መኪናችንን አዙረን ጤና ጣቢያ አደረስናት። በሰላም ሴት ልጅ ተገላገለች።

አማቲቱን «ለምን ዘገያችሁ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ሾፌራችን መልሳቸውን አስተረጎመልኝ፦ «ልጄ፣ ምጥ መች ቀጠሮ ይሰጣል?»

እውነታቸውን ነው። ክረምት ግን ቀጠሮ አክባሪ ነው፤ ወንዙ በየዓመቱ በሐምሌ እንደሚሞላ የማያውቅ የለም።

የጤና ባለሙያዎች እናቶችን ለሞት የሚያደርሱ ሦስት መዘግየቶች አሉ ይላሉ። አንደኛው ለመሄድ መወሰን፣ ሁለተኛው መንገዱ፣ ሦስተኛው ከደረሱ በኋላ ሕክምናውን ማግኘት ነው። ወንዙን ማጉደል ባንችልም የመጀመሪያው መዘግየት በቤታችን እጅ ነው። ምጥ ከ12 ሰዓት ካለፈ፣ ደም ከፈሰሰ፣ ብርቱ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ከመጣ የሚጠበቅ ነገር የለም። ቤቷ ከወንዝ ማዶ የሆነ እናትም ወሯ ሳይገባ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ታማክር። በብዙ ጤና ጣቢያዎች ግቢ የእናቶች ማቆያ ክፍል ስላለ፣ ሁለት ሦስት ሳምንት ቀድማ ገብታ ትጠብቅ። ባልም ስንቁንና መጓጓዣውን አስቀድሞ ያዘጋጅ፤ በቤት የቀሩትን ልጆች ማን እንደሚይዝም ይመከርበት።

ስንሰናበት አማቲቱ አራስዋን እያዩ ሳቅ አሉ፦ «ለሁለተኛው ወንዙን እንቀድመዋለን።»