ዱላው ከሰርቪሱ ይውረድ

በአዲስ አበባ ተማሪ በሚያመላልሱ ብዙ ሚኒባሶች ውስጥ ሥርዓት የሚከበረው በጩኸት፣ በኩርኩምና በዛቻ ነው። «አርፈህ ካልተቀመጥክ እዚሁ አውርጄህ እሄዳለሁ» ይባላል የስድስት ዓመት ልጅ። ወላጁም ጠዋት ሲያሳፍረው «ጋሼ፣ ካስቸገረ ቆንጠጥ ያድርጉልኝ» ብሎ አደራ ይሰጣል። ይህን ልማድ ልጅ ማረም ብለን ተቀብለነዋል። ልጁን ግን አያርመውም፤ ጉዞውንም ለአደጋ ያጋልጠዋል።

እስቲ ረብሻው ከየት እንደሚመጣ እንይ። ልጁ የሚነሳው ገና ሳይነጋ ነው። ሰርቪሱ ሰፈር ለሰፈር እየዞረ ሌሎቹን እስኪለቅም ድረስ ተቀምጦ ይጠብቃል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ክፍል ውስጥ ውሎ፣ ርቦት፣ በትራፊክ መጨናነቅ መሀል ይቆማል። ትርፍ በተጫነበት መኪና ሦስት ልጅ በሁለት ሰው ቦታ ይደራረባል። በዚህ ሁኔታ አዋቂም ይነጫነጫል። ልጆች የተጋፉት ቦታ አጥተው ከሆነ ቁንጥጫ ቦታ አይጨምርላቸውም።

ሾፌሮች የሚያነሱት ክርክር ቀላል አይደለም፦ «ዓይኔ መንገድ ላይ ነው፤ ካልጮህኩ እርስ በርስ ይጎዳዳሉ» ይላሉ። ችግሩ እውነት ነው፤ መፍትሔው ግን ራሱ አደጋ ነው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በአንድ ሰከንድ 11 ሜትር ያህል ይሄዳል። ሾፌሩ ለመቆጣት ለሁለት ሰከንድ ወደኋላ ቢዞር፣ 22 ሜትር መንገድ ሳያይ ነዳ ማለት ነው። እየነዳ ልጅ መቅጣት የለበትም፤ ነገሩ ከከረረ ዳር ይዞ ያቁም።

ከሁሉ የሚከፋው ሥልጣኑን ለትልቅ ልጅ ማስረከብ ነው። አንዱ «አለቃ» ይሆንና የረባሾችን ስም ይጽፋል፣ ታናናሾቹን ይኮረኩማል። ጉልበት ያለው ደካማውን እንዲመታ በአዋቂ ፈቃድ የተማረ ልጅ ያንን ትምህርት ሰፈሩም ክፍሉም ድረስ ይዞት ይሄዳል።

«ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል» የሚሉኝ አሉ። ልጅ ገደብ ያስፈልገዋል በሚለው እስማማለሁ። ገደብን ከዱላ ለይቶ ማየት ግን ግድ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤቶችና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካላዊ ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ግቢ ውስጥ የተከለከለ ዱላ ወደ ግቢው በሚወስደው መኪና ውስጥ የሚፈቀድበት ምክንያት የለም።

በለዘብታ መያዝ ልቅ መተው አይደለም፤ እንዲያውም የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ልጆቹ መሀል የሚቀመጥ ረዳት ይኑር። እያንዳንዱ ልጅ የራሱ ቦታ ይኑረው፤ የሚጣሉ ይለያዩ፣ ትንንሾቹ ረዳቱ አጠገብ ይሁኑ። ደንቡ ሦስት ይብቃው፦ ተቀመጥ፣ እጅህን ሰብስብ፣ ጭንቅላትህን በመስኮት አታውጣ። ያጠፋውን ልጅ ረዳቱ ጠጋ ብሎ፣ በስሙ ጠርቶ፣ በዝግታ ይንገረው፤ ካልሰማ ቦታውን ይቀይር፤ ከደገመ ማታ ለወላጁ ይነገር። «አወርድሃለሁ» የሚል የማይፈጸም ዛቻ ግን ይቅር፤ ልጅ የአዋቂን ቃል መናቅ የሚማረው ከእንዲህ ያለው ዛቻ ነው።

ይህ ሁሉ ገንዘብ ይጠይቃል። ረዳት ደመወዝ አለው፤ ትርፍ የማይጭን ሾፌርም ክፍያው ከፍ ይላል። ስለዚህ ጥያቄው ለእኛ ለወላጆች ነው። በርካሽ ዋጋ ሃያ ልጅ አጭቆ የሚሄደውን መርጠን፣ መልሰን ሾፌሩን ጨካኝ ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። የወሩን ሂሳብ ስንከፍል ስንት ልጅ እንደሚጫን፣ ረዳት መኖሩን፣ ልጅ ሲያጠፋ ምን እንደሚደረግ እንጠይቅ። «ቆንጠጥ ያድርጉልኝ» የሚለውን አደራም ዛሬውኑ እናንሳ።