የቤንዚን የኦክቴን ደረጃና የተርቦ ሞተሮች ጉዳይ

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ከወሰነ በኋላ ቀደም ሲል የገቡትን ተሽከርካሪዎች በአግባቡ ይዞ ማቆየት ከባለንብረቶቹ የግል ጉዳይነት ያለፈ ትርጉም አግኝቷል። የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋም በጥር 2017 ዓ.ም. ከ100 ብር በላይ መሆኑ ይታወሳል። በዚህ ሁኔታ ውስጥ ጥያቄ ከሚነሳባቸው ተሽከርካሪዎች መካከል አነስተኛ ሞተር ይዘው በተርቦ አማካይነት የትልቅ ሞተር ጉልበት የሚሰጡት የቤት አውቶሞቢሎች ይገኙበታል። ጥያቄው አጭር ነው፤ እነዚህ ሞተሮች ከማደያ የሚቀዳው ቤንዚን ይስማማቸዋል ወይ የሚል ነው።

መልሱን ለማግኘት በቅድሚያ ኦክቴን ሲባል ምን ማለት እንደሆነ መረዳት ያስፈልጋል። በብዙዎች ዘንድ ከፍተኛ ኦክቴን ያለው ቤንዚን የበለጠ ኃይል የያዘ ወይም የበለጠ የጠራ ነዳጅ ተደርጎ ይታሰባል። ይህ ግን የተሳሳተ ግንዛቤ ነው። የኦክቴን ቁጥር የሚያመለክተው ቤንዚኑ በከፍተኛ ግፊትና ሙቀት ውስጥ ሆኖ ካንዴላው ከሚያቀጣጥለው እሳት ውጭ በራሱ ጊዜ እንዳይነድ ያለውን የመቋቋም አቅም ብቻ ነው። መለኪያውን እ.አ.አ በ1926 ያቀረበው አሜሪካዊው ኬሚስት ግርሃም ኤድጋር ሲሆን፣ አይሶኦክቴን ለተባለው ውሁድ 100፣ ሄፕቴን ለተባለው ደግሞ ዜሮ ተሰጥቷል። 95 ኦክቴን የሚባለው ቤንዚን 95 እጅ አይሶኦክቴንና 5 እጅ ሄፕቴን የያዘ ድብልቅ የሚኖረውን ጠባይ የሚያሳይ ነው ማለት ነው።

ተርቦ ከሞተሩ የሚወጣውን የተቃጠለ ጭስ ግፊት ተጠቅሞ አየርን እያመቀ ወደ ሲሊንደር ያስገባል። የታመቀ አየር ይሞቃል። ሲሊንደሩ ውስጥ ገብቶ በፒስተኑ እንደገና ሲታመቅ ሙቀቱ ይበልጥ ይጨምራል። በዚህ ጊዜ የቤንዚኑ ኦክቴን ዝቅተኛ ከሆነ ከካንዴላው የተነሳው እሳት ሳይደርስበት የቀረው ድብልቅ በአንድ ጊዜ ይፈነዳል። መካኒኮች ሞተሩ «ያንኳኳል» የሚሉት ይህንኑ ነው። ድርጊቱ ከተደጋገመ ፒስተንን ይበሳል፣ የፒስተን ቀለበቶችን ይሰባብራል፣ የቴስታታ ጓርኒሲዮንንም ያቃጥላል።

ዘመናዊ ሞተሮች ይህን አደጋ የሚከታተል መሣሪያ አላቸው። መሣሪያው ንዝረቱን እንደሰማ ኮምፒውተሩ የካንዴላውን የእሳት ሰዓት ወደኋላ ያዘገየዋል፤ በአንዳንድ ሞተሮች ላይም የተርቦውን ግፊት ይቀንሳል። በመሆኑም ሞተሩ ወዲያውኑ አይበላሽም። ይሁን እንጂ ጥበቃው ያለዋጋ የሚገኝ አይደለም። አሽከርካሪው ጉልበት ያጣበትን ለመሙላት መርገጫውን አብዝቶ ሲረግጥ የነዳጅ ፍጆታው ይጨምራል። የአሜሪካ የአሽከርካሪዎች ማኅበር እ.አ.አ በ2017 ይፋ ያደረገው ሙከራ ለዚህ ማሳያ ይሆናል። አምራቾቻቸው ከፍተኛ ኦክቴን እንዲጠቀሙ ሐሳብ በሚያቀርቡላቸው፣ ነገር ግን በማያስገድዷቸው ተሽከርካሪዎች ላይ በተደረገው ሙከራ፣ ከፍተኛውን ቤንዚን በመጠቀም የተገኘው የነዳጅ ቁጠባ በአማካይ 2 ነጥብ 7 በመቶ፣ የጉልበት ጭማሪው ደግሞ 1 ነጥብ 4 በመቶ ነበር። ማኅበሩ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ለመደበኛ ቤንዚን በተሠሩ መኪናዎች ላይ ባካሄደው ጥናት ከፍተኛውን መቅዳት ምንም ጥቅም እንደሌለው አረጋግጧል። እዚህ ላይ ሊተኮርበት የሚገባው በተሽከርካሪው መመሪያ ላይ በሚሰፍሩት «ይመከራል» እና «ግዴታ ነው» በሚሉት ቃላት መካከል ያለው ልዩነት ነው። የመጀመሪያው ጥቂት ጉልበትና ጥቂት ነዳጅ የሚያስቀር ሲሆን ሁለተኛው የሞተሩን ዕድሜ የሚመለከት ነው።

በአዲስ አበባና በሌሎች ደጋማ ከተሞች ለረጅም ጊዜ ሲያገለግል የቆየ አንድ አባባል አለ። ከፍታ ባለበት ቦታ ዝቅተኛ ኦክቴን ይበቃል የሚል ነው። አባባሉ መሠረት የሌለው አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 400 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ በመሆኗ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየር ስስ ስለሆነ በሲሊንደሩ ውስጥ የሚፈጠረው ግፊትም ይቀንሳል፤ የማንኳኳት ዕድሉም እንዲሁ። በአሜሪካ የሮኪ ተራሮች አካባቢ በሚገኙ ግዛቶች ከሌላው የአገሪቱ ክፍል ያነሰ ኦክቴን ያለው ቤንዚን ሲሸጥ የኖረው በዚሁ ምክንያት ነው።

ተርቦ ያለው ሞተር ግን የዚህ ቅናሽ ተጠቃሚ አይደለም። የተርቦ ዋነኛ ባሕርይ የጎደለውን አየር መሙላት ነው። የውጭው አየር በሳሳ ቁጥር ተርቦው ይበልጥ እየፈጠነ፣ ኮምፒውተሩ የጠየቀውን ግፊት ለማድረስ ይጥራል። አቅሙ እስከፈቀደ ድረስ በሲሊንደሩ ውስጥ የሚኖረው ግፊት በጅቡቲ ወደብ ከሚኖረው ብዙም አይለይም። እንዲያውም ስሱን አየር ይበልጥ ማመቅ ስላለበት ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር ይበልጥ የሞቀ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ለቀድሞዎቹ ባለካርቡራቶር መኪናዎች እውነት የነበረው የደጋ ምክር ለዛሬዎቹ ባለተርቦ አውቶሞቢሎች አይሠራም። የአገሪቱ መንገዶች አቀማመጥም ችግሩን ያከብደዋል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ በሙቀት ውስጥ መልሶ ወደ ደጀን የሚወጣ፣ ሰውና ዕቃ የጫነ ባለተርቦ መኪና ለማንኳኳት የሚያጋልጡት ሁኔታዎች ሁሉ በአንድ ላይ ይገጥሙታል።

ሌላው የግራ መጋባት ምንጭ ቁጥሩ ራሱ ነው። ወደ ኢትዮጵያ የገቡት ተሽከርካሪዎች ከተለያዩ አገሮች የመጡ ሲሆን አገሮቹ ኦክቴንን የሚጽፉበት መንገድ አንድ ዓይነት አይደለም። አውሮፓ፣ ጃፓንና የባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚጠቀሙት «ሪሰርች» የተባለውን መለኪያ ነው። አሜሪካ ደግሞ የዚህንና «ሞተር» የተባለውን ሁለተኛ መለኪያ አማካይ ትጠቀማለች። በዚህ የተነሳ በአሜሪካ 87 ተብሎ የሚሸጠው ቤንዚን በዱባይ 91 ከሚባለው፣ የአሜሪካው 91 ደግሞ ከአውሮፓው 95 ጋር ተቀራራቢ ነው። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ መኪና የነዳጅ ክዳን ላይ 91 የሚል ጽሑፍ ያየ ባለንብረት የዱባዩ 91 ይበቃኛል ብሎ ቢያስብ ሞተሩ ከሚፈልገው አራት ያህል ደረጃ ዝቅ ያለ ነዳጅ እየሰጠው ነው። በጃፓን ደረጃ መሠረት መደበኛው ቤንዚን ከ89፣ ከፍተኛው ከ96 ማነስ የለበትም። ለአገር ውስጥ ገበያቸው ከተሠሩት ባለተርቦ መኪናዎች ብዙዎቹ የሚጠይቁት ሁለተኛውን ነው።

በኢትዮጵያ የነዳጅ መሸጫ ዋጋ በሚገለጽበት ጊዜ ቤንዚን የሚጠቀሰው በአንድ ስም ነው። ሸማቹ እንደ ዱባይ ከ91፣ ከ95 ወይም ከ98 መካከል የሚመርጥበት ዕድል የለውም። በዚህ ረገድ የኢታኖል ታሪክ ሊጠቀስ የሚገባው ነው። እ.አ.አ በ2008 በአዲስ አበባ 5 በመቶ ኢታኖል ከቤንዚን ጋር መደባለቅ ተጀምሮ በ2011 ወደ 10 በመቶ ከፍ ማለቱ ይታወሳል። ዓላማው በዋናነት የውጭ ምንዛሪን ማዳን ነበር። ሆኖም ከስኳር ፋብሪካዎች ተረፈ ምርት የሚገኘው ኢታኖል በሪሰርች መለኪያ ከ100 በላይ ኦክቴን ያለው በመሆኑ ለተርቦ ሞተሮች ተጨማሪ ጥቅም ነበረው። በአንጻሩ በሊትር የሚሰጠው ኃይል ከቤንዚን በአንድ ሦስተኛ ያህል ያንሳል።

የማደያው ቤንዚን ምንም ይሁን ምን በመንገድ ዳር በፕላስቲክ ጠርሙስና በጀሪካን ከሚሸጠው ይሻላል። ምንጩ የማይታወቅ ቤንዚን ከኬሮሲን ጋር ተቀላቅሎ ሊሆን ይችላል፤ ኬሮሲን ደግሞ የኦክቴን ደረጃውን በእጅጉ ያወርደዋል። አሮጌ ሞተር እንደምንም ሊሸከመው የሚችለው ድብልቅ ለተርቦ ሞተር አደገኛ ነው። ኦክቴን ይጨምራሉ ተብለው በትንንሽ ጠርሙስ የሚሸጡ ኬሚካሎችን በተመለከተም ማስተዋል ያሻል። ጠርሙሱ ላይ «30 ነጥብ ይጨምራል» የሚል ጽሑፍ ቢኖር አብዛኛውን ጊዜ አሥሩ ነጥብ አንድ ኦክቴን ማለት ነው። ከ91 ወደ 121 ሳይሆን ወደ 94 ያደርሳል ማለት ነው፤ ያውም የተባለው ሁሉ እውነት ከሆነ። ናፍጣ የሚጠቀሙ ባለተርቦ ፒካፖችና የጭነት መኪናዎች ግን ይህ ሁሉ አይመለከታቸውም። የናፍጣ መለኪያ ሴቴን ሲሆን የሚለካውም በተቃራኒው ነዳጁ በራሱ ለመቀጣጠል ያለውን ቅልጥፍና ነው።

ከፍተኛ ኦክቴን በማይገኝበት ቦታ የአሽከርካሪው እጅና እግር የሚወስኑት ነገር ቀላል አይደለም። በዳገት ላይ ከባድ ማርሽ ይዞ መርገጫውን እስከ ወለሉ መጫን ለባለተርቦ ሞተር ከሁሉ የከፋው ድርጊት ነው። ቀለል ወዳለው ማርሽ አውርዶ የሞተሩን ዙር መጨመር በሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን ጫና ይቀንሳል። በዝቅተኛ ዙርና በከባድ ጫና ጊዜ አንዳንድ አነስተኛ ባለተርቦ ሞተሮች ካንዴላው እሳት ከመስጠቱ በፊት የሚቀጣጠሉበት ሌላ ችግርም አለ። ይህን ችግር ከፍተኛ ኦክቴን ብቻውን አይፈታውም። የሞተር ዘይት ደረጃ አውጪዎች እ.አ.አ ከ2018 ጀምሮ አዲስ ደረጃ ያወጡት በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ ዘይቱ አምራቹ ያዘዘው ዓይነት መሆኑን፣ ካንዴላው ትክክለኛው መሆኑንና የራዲያተሩን ንጽሕና ማረጋገጥ ተገቢ ነው። ጉልበት ለመጨመር ሲባል በጋራዥ ኮምፒውተሩን ማስለወጥ ደግሞ አምራቹ ለደካማ ቤንዚን ብሎ ያስቀመጠውን የጥንቃቄ ወሰን ቀድሞ መብላት ነው።

ከዚህ ያለፈው በአሽከርካሪው እጅ ያለ አይደለም። ባለንብረቱ በተሽከርካሪው መመሪያ ላይ ያለውን ቁጥር ከሚቀዳው ቤንዚን ጋር ለማነጻጸር የሚችለው የቤንዚኑ ቁጥር ከዋጋው ጎን በማደያው ላይ ተጽፎ ሲያገኘው ነው።