ሁለት ቁልፍ

በምሠራበት ባንክ ካዝናውን አንድ ሰው ብቻውን አይከፍተውም። ቁልፉ ሁለት ነው፤ በሁለት ሰዎች እጅ ያድራል። ሌባ ስለ ተፈራ ብቻ አይደለም፤ ታማኝም ሰው ክፉ ሰዓት አለው።

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ግን በብዙ ቤት ጠብመንጃ ከነጥይቱ ራስጌ ተሰቅሎ ያድራል። ክብር ነው፤ ዘመን ሲከፋም መከታ። ትጥቅ ይፈታ አላልሁም! የምፈራው ከውስጥ የሚነሣውን የአንድ ሌሊት ቁጣና የአንድ ሌሊት ተስፋ መቁረጥ ነው። ጠብመንጃ ሳይተኮስም ይናገራል፤ ባል ቀና ብሎ ሲያየው ሚስት ዝም ትላለች።

እኛስ የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች? ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ በሽጉጣቸው ሕይወታቸውን ካጠፉ ወዲህ ያችን ሽጉጥ በግጥምና በተውኔት ስናወድስ ኖረናል። እኔም ገጥሜአለሁ። ንጉሡን የከበባቸው የእንግሊዝ ጦር ነበር፤ ስንኙን የሚያንጎራጉረውን ጎረምሳ ግን የከበበው ዕዳ ወይም የፍቅር ኀዘን ነው። ያን ግጥሜን ዛሬ ለማንም አላነብም።

የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ፈቃድና ምዝገባን ደንግጓል። ጠብ በተሰማበት ሌሊት ግን ቀድሞ የሚደርሰው ሽማግሌ ነው። እንግዲያውስ ሚስቲቱን «ወደ ቤትሽ ተመለሽ» ከማለቱ በፊት ጥይቱን ይረከብ፤ ከአጎት ወይም ከክርስትና አባት ቤት ይደር። ሰው ከሰው ተነጥሎ አንገቱን ሲደፋም እንዲሁ ይደረግ። ባለቤቱ ተዋረድሁ ብሎ ቢያኮርፍ ያኩርፍ። ጥይቱም እርሱ ስለ ጠየቀ ብቻ አይመለስለት፤ አስቀድሞ ሚስቲቱ ብቻዋን ትጠየቅ።